ያልታዘዘ ዘፈን

ቦሌ ሳይኖር በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚበር ሰው የሚሳፈረው ከልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ነበረ፤ የጄት ዘመን መጥቶ ሜዳው አልበቃ ሲል ነው መንገደኛው ወደ ቦሌ የዞረው። ዛሬ ከልደታ ወዲያ ያለውን ሰፈር «ኦልድ ኤርፖርት» እያለ ታክሲ የሚሳፈረው ሰው አብዛኛው የመንገደኛ አውሮፕላን ሲያርፍበት አላየም። ስሙን ግን ማንም አልነጠቀውም።

በዚያ ዘመን ከዚህ ሜዳ የተነሣ ሰው የሚሄደው ሊመለስ ነበር። ለትምህርት ይላካል፣ ለሹመት ይላካል፣ ታሞ ለሕክምና ይላካል። ላኪ አለው፤ ሲመለስ የሚጠብቀው ወንበርም አለው። ሙላቱ አስታጥቄ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዌልስ የሄደው መሐንዲስ እንዲሆን ታስቦ ነው፤ ሙዚቃው የያዘው እዚያው ነው። ከለንደን ወደ ቦስተን፣ ከቦስተን ወደ ኒውዮርክ ዞሮ፣ ቪብራፎኑንና ኢትዮ ጃዙን ይዞ ተመለሰ። ውጭ አገር ተቀምጦ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ሠርቶ፣ ቀጣሪ ሳይኖረው የሚዘፍን ኢትዮጵያዊ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ነው። ላኪ የለውም፣ የተቀመጠለት ወንበርም የለም። ታዲያ ማን ያዘዋል? ነጻ ስለሚባል ድምፃዊ ብዙ ይወራል፤ ስለ ስቱዲዮው፣ ስለ ስደቱ፣ ስለ ናፍቆቱ። እኔ ግን ወሬው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ።

በእኛ አገር ዘፈን ታዝዞ ነው የኖረው። ይህን የምለው ላሳንሰው አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፦ እንግዳው ጠጁን ጎንጨት ያደርግና «ተቀበል!» ብሎ አንድ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ፣ በማሲንቆ አባብሎ፣ አንዳንዴም ጫፉን ወደ ባለቤቱ አዙሮ ይመልስለታል። ቤቱ ይስቃል፤ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። በአዛዡና በዘፋኙ መካከል ያለው ጊዜ ማሲንቆው አንዴ የሚገዘገዝበት ያህል ነው። ሰጪው ተቀባዩን ያየዋል፣ ተቀባዩም ሰጪውን ያየዋል። ማን ለማን እንደዘፈነ፣ ማን ለማን እንደከፈለ ሁሉም ያውቃል።

በኋላ አዛዡ መንግሥት ሆነ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፤ ድምፃዊው የወር ደመወዝተኛ ነበር፣ አንዳንዱም ባለማዕረግ። እንጀራ የሚበላበት ቤት ሲታወክ አብሮ ይታወካል፤ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠም የክቡር ዘበኛ ሰው በመሆኑ ታስሯል። ሸክላ የማሳተም መብትም በንጉሡ ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የከፈተ ወጣት ነው በ1961 ዓ.ም. ይህን አጥር የዘለለው። የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ሕንድ ልኮ አሳተመ። የመጀመሪያው የግል ሸክላችን ቦሌን በገቢ ዕቃነት አለፈ ማለት ነው። አምሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎች አወጣ፤ ደርግ ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ አሜሪካ ቀረ። ዋሽንግተን ውስጥ ምን ከፈተ? ምግብ ቤትና የምሽት ክበብ።

ይህ ምግብ ቤት ለነገራችን ከሸክላ ቤቱ አያንስም። ከመንግሥት ትዕዛዝ ዘፈንን ያወጣው ሰው ራሱ፣ ውጭ አገር ላለው ዘፈን አዲስ አዛዥ ከሚሆነው ቤት መሥራቾች አንዱ ሆነ።

እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የካሴቱን ዘመን ማለፍ ግድ ነው። የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ካሴት ያለው ሰው የሽፋኑን ወረቀት አውጥቶ ይዘርጋው። ጽሕፈቱ የጉንዳን እግር ያህላል፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር ሮሃ ባንድ፣ አከፋፋይ እገሌ ሙዚቃ ቤት። ይልማ ገብረአብ ግጥሙን፣ አበበ መለሰ ዜማውን ለስንቱ ድምፃዊ እንደሰጡ የሚታወቀው ከዚህ ወረቀት ነው። ድምፃዊው በትልቅ ፎቶ ከፊት ይቆማል፤ ከኋላው አራት አምስት ሰው ተሰልፏል። ሙዚቃ ቤቱ ማስተሩን አንዴ ከገዛ ሂሳቡ ተዘጋ፤ ካሴቱ አሥር ሺህ ይሸጥ መቶ ሺህ፣ ከዚያ ወዲያ የነጋዴው ጉዳይ ነው። ክፉ ስምምነት ነበር፤ ግን ሰው የሞላበት ስምምነት ነበር። ግጥም ያልመጣለት ድምፃዊ ፒያሳ ወጥቶ ቡና ሲጠጣ ግጥም ያገኛል።

ከአገር የወጣው ድምፃዊ እነዚህን ሰዎች ነው በመጀመሪያ ያጣው። አገርን በሬዲዮ፣ በጓደኛ፣ በበርበሬ ማስታወስ ይቻላል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «ይቺ ስንኝ አትገባም፣ አውጣት» የሚል የግጥም ጓደኛን ግን ሲያትል ላይ ከየት ያመጡታል? በዚያን ጊዜ የስልክ ደቂቃ በወርቅ ነበር። ስለዚህ «ግጥምና ዜማ፦ ራሷ» የምትለዋን መስመር ባየሁ ቁጥር ማድነቄን ሳልተው ብቸኝነቱንም አብሬ አነባለሁ። ሁሉን ራሷ መሥራቷ ከችሎታ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሌላ ማንም አጠገቧ አልነበረም።

እና ምግብ ቤቱ። ዋሽንግተን ይሁን ለንደን ወይ ስቶክሆልም፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክራፎን፣ በማሽን የሚመታ ከበሮ። ድምፃዊዋ ሳምንቱን ሙሉ ስትሠራው የከረመችውን አዲስ ዘፈን ትጀምራለች። ጠረጴዛው በወሬው ይቀጥላል። ከዚያ በናፕኪን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ መልእክት በአስተናጋጅ እጅ ይመጣል፤ «ትዝታ»። ትዝታውን ስትጀምር ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሽልማቱ ይወርዳል። በሐምሌ ሰሞን የኢትዮጵያውያኑ የስፖርት ፌስቲቫል አለ፣ በበጋው ሠርጉ አለ፤ ትዕዛዙ ግን ያው ነው። ማንም ክፋት አልሠራም። ሳምንቱን ፓርኪንግ ላይ የዋለ ሰው በገንዘቡ እናቱን ቤት ለሁለት ሰዓት መግዛት ፈለገ፤ ማን ይፈርድበታል? ነገሩ ዘፋኟ ላይ ነው የሚከብደው። ጌታ፣ መንግሥት፣ ሙዚቃ ቤት፤ እነዚህን ሁሉ አዛዦች አገር ቤት ትታ ወጥታ፣ ከሁሉም የበለጠ አዛዥ ጠበቃት፤ ናፍቆት። ናፍቆት ከሳንሱር ክፍል ይብሳል። ሳንሱር አንዳንድ ነገር ነው የሚከለክለው፤ ናፍቆት ከአንድ ነገር በቀር ሌላውን ሁሉ አልሰማም ይላል።

እንግዲህ በእኔ አስተሳሰብ ነጻ ድምፃዊ ማለት ኩባንያ የሌለው ሰው አይደለም። ማንም ያላዘዘውን ዘፈን ሠርቶ፣ መልሱ እስኪመጣ መቆየት የቻለ ሰው ነው። ከባዱ መቆየቱ ነው። አዝማሪው መልሱን ባፍታ ያገኛል፤ ስደተኛው ድምፃዊ ግን ስንኙን ይወረውርና «ተቀበል» የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ተወልዶም እንደሆነ አያውቅም። በዚህ መሀል ሰው መብላት አለበት።

ኃይሉ መርጊያን የማነሣው ለዚህ ነው። ድምፃዊ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በአኮርዲዮኑና በኦርጋኑ ነው የሚዘፍነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ተጫውቷል፣ በሰዓት እላፊው ዘመን ሰው እስኪነጋ ወጥቶ መሄድ ስለማይችል ሌሊቱን ሙሉ የሚዘለቅበት ጊዜ ነበር። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ዞሮ ሲጨርስ ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ኃይሉ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዞ ትንሽ ስቱዲዮ ገባና ባንድ የሚሠራውን ሁሉ ለብቻው ሠርቶ «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት አወጣ። ያን ዓይነት ድምፅ ማንም አላዘዘውም። የድሮው አኮርዲዮን ከማሽን ጋር ሲጋባ ለናፍቆተኛው በጣም አዲስ፣ ለዘመነኛው በጣም አሮጌ ነበር። ከዚያ ኃይሉ ታክሲ መንዳት ጀመረ።

ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ የሚጠብቅ ባለታክሲ ብዙ ሰዓት ይቀመጣል። ኃይሉ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ያወጣና ተራው እስኪደርስ ይለማመድ ነበር። ይህን ታሪክ ጋዜጦች ሁሉ ጽፈውታል፤ ብዙዎቹም እንደሚያሳዝን ነገር አድርገው። እኔ በሌላ በኩል አየዋለሁ። ታክሲ ትዝታ ተጫወት አይልም። ታክሲ ናፕኪን አይልክም። ተሳፋሪው የሚከፍለው ለመንገዱ ነው፣ የዜማው ጉዳይ አያገባውም። አዝማሪ ጌታ ነበረው፣ የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ንጉሥ ነበረው፣ የካሴቱ ዘመን ሙዚቃ ቤት ነበረው፤ ኃይሉ ታክሲ ነበረው፤ ከአራቱም በዜማው ጣልቃ ያልገባው ታክሲው ነው።

ካሴቱስ? አንድ አሜሪካዊ ካሴት አሳዳጅ ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ዋሽንግተን የተቀረጸው ሥራ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በአውሮፓ መድረኮች ላይ ተሰለፈ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞች ተከተሉ። «ተቀበል» ከተባለ እስከ ተቀበለ ድረስ 28 ዓመት!

ታክሲውን ግን ቅዱስ ማድረግ አልፈልግም። ግርማ በየነ በዚያው የዋልያስ ጉዞ ሄዶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። በሸክላው ዘመን ለስንቱ ድምፃዊ ያቀናበረ፣ ራሱ ግን አራት ዘፈን ብቻ የዘፈነ። ከዚያ ዝምታ፤ ረጅም፣ የዓመታት ዝምታ። እ.ኤ.አ. በ2017 አካሌ ውቤ ከተባሉ ፈረንሳዮች ጋር አልበም ሲያወጣ ሁላችንም ተደሰትን፤ ደስ አይልም አይባልም። ነገር ግን መሀል ላይ ያልተሠሩትን ዘፈኖች ማን ይቆጥራቸዋል? ያልተሠራ ዘፈን ካሴት የለውም፣ ባሕር ዳር ተገኝቶም እንደገና አይታተምም። የፈረቃ ሥራ ከድካም ጋር ወስዷቸዋል። ነጻነትን በታክሲ መሪ የሚገዛ ሰው ከኪሱ የሚያወጣው ብር አይደለም፤ ሌሊቱን ነው።

ተሾመ ምትኩም አለ። ከሶል ኤኮስ ጋር አራት ዘፈን ቀርጾ በ1970 እ.ኤ.አ. ከአገር ወጣ፤ ስዊድን ገባ። አራቱ ዘፈኖች እዚህ ቀርተው ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖሩ፤ «ጋራ ሥር ነው ቤትሽ»ን የማያውቅ የድሮ ዘፈን ወዳጅ ያለ አይመስለኝም። ዘፋኙ ሌላ አገር፣ ዘፈኑ ሌላ አገር፤ ሁለቱም በየፊናቸው አረጁ ማለት ግን አይቻልም፣ ዘፈኑ አላረጀማ። ልጁ ኤሚሊያ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝኛ ባወጣችው ዘፈን የአውሮፓን ገበያ ከላይ እስከ ታች ስታዳርስ፣ አባቷ ማን እንደሆነ ያወቀ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነበር።

አሁን ወደ ቻግኒዋ ልጅ ልምጣ። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ ናይሮቢን አልፋ አሜሪካ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በ2001 በስሟ የተጠራውን አልበም አወጣች። አሳታሚው ፓልም ፒክቸርስ ነበር፣ አዘጋጁ ቢል ላስዌል። ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስ ተጫውተውበታል፤ የጃዝ ወዳጅ እነዚህን ሦስት ስሞች በአንድ ሸክላ ላይ ሲያይ ይነሣና ይቀመጣል። ከኩባንያ ጋር መሥራቷን ይዞ «ታዲያ ምኑ ነጻ ነው?» የሚል ይኖራል። መልሴን ከላይ ሰጥቻለሁ፤ ኩባንያ ያለው መሆን አለመሆኑ አይደለም ነገሩ። ከዚህ አልበም አሥራ ሁለት ዘፈኖች ናፍቆትን በርዕሱ የያዘው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ስለ ካህን ነው፣ ስለ ባለዋሽንት ነው፣ ስለ ዓባይ ነው፣ ስለ ዓድዋ ነው። የናፕኪኑን ትዕዛዝ አንዴ ተቀብላ አሥራ አንድ ጊዜ አልተቀበለችም ብል ቀልድ ይምሰል እንጂ ስሌቱ ልክ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ተቺዎች አጨበጨቡ፤ እዚህ ግን አቀባበሉ የተከፋፈለ ነበር። አንዱ ቅንብሩ ባህሉን አደበዘዘው አለ፣ ሌላው ለፈረንጅ ጆሮ የተሠራ ነው አለ። ትክክለኛ ሰሚ ነበሩ፣ ልወቅሳቸው አልሻም፤ ያላዘዙት ምግብ ሲቀርብ ሰው መጀመሪያ ወጡን በጣቱ ይነካል። ዓመታት አለፉ። አሁን ጊዜው ምን እንዳደረገ ለማየት ልደታ በቂ ናት።

የካቲት ሲጋመስ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ተማሪዎች ለትምህርት ቤታቸው የዓድዋ ዝግጅት ይለማመዳሉ። ዘንድሮም አየኋቸው፤ ደረጃው ሥር፣ ድምፁ ስለሚያስተጋባላቸው ይሁን ወይ ፀሐዩን ሸሽተው። ስልካቸውን ከብሉቱዝ ስፒከር ጋር አገናኝተው የጂጂን «ዓድዋ» ከፍተዋል። አንዷ ግጥሙን በሒሳብ ደብተሯ ኋላ ገጽ ላይ ገልብጣዋለች፤ የተሳሳተችበትን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዛ ሦስተኛ ጽፋዋለች። ስፒከሩ ባትሪ ጨርሶ ጸጥ ሲል ሳያቋርጡ ቀጠሉበት፤ አንዲት እናት ከሦስተኛው ፎቅ ልብስ እያሰጡ አብረው ያዜማሉ።

«ማን ናት የዘፈነችው?» አልኳት ባለደብተሯን፣ እያወቅኩ።

«ጂጂ ናት፣ ጋሼ። ለበዓሉ የሠራችው።»

ለበዓሉ! ማንም በዓል አላዘዛትም። ኒውዮርክ አካባቢ፣ የጃዝ ሽማግሌዎች በሚገቡበትና በሚወጡበት ስቱዲዮ፣ አገር ቤት ያለ ኮሚቴ ሳያውቀው የተሠራ ዘፈን ነው። ልጅቷ ግን አልተሳሳተችም። ዘፈኑ ሲቀረጽ እሷ አልተወለደችም ነበር፤ በተወለደችበት አገር የካቲት 23ን ያለዚህ ዜማ አታውቀውም። ያልታዘዘው ዘፈን ሰሚውን ራሱ ሠርቶ፣ ሰሚው አዛዥ እንደነበር እስኪመስለው ድረስ ቆየ። እኔ የምለው ነጻነት ይህ ነው፤ ዘፈኑ ያላገኘውን ሰሚ ጠብቆ ማግኘቱ።

እነዚህ ልጆች የሚለማመዱበት ደረጃ የቆመበት መሬት ሌላ ልደታ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የጭቃ ቤቱ ሰፈር፣ የቀበሌው ቤት፣ የጋራው ቧንቧና የጋራው ሽንት ቤት ፈርሶ ነው ኮንዶሚኒየሙ የተነሣው። ቅድመ ክፍያ ያልቻለው ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ውጭ አገር ያለው የልደታ ልጅ በትዝታ የሚያዝዘው አጥር፣ በር፣ የግንቦት ልደታ ንፍሮ የሚቀቀልበት የሰፈር ሜዳ፣ ብዙው የለም። ጀሞ የሄደው ጎረቤቱም ይኸው ናፍቆት አለው፣ ልዩነቱ ፓስፖርት ሳያስፈልገው መሰደዱ ነው። እዚህ የቀረን ሰዎች ይህን ስለምናውቅ ይሁን ወይ ሰልችቶን፣ ከውጭ የሚመጣ ዘፈን ስለ ድሮ ሰፈራችን ሲያለቅስልን ያን ያህል አይነካንም። ከዚያ ወገን የማናውቀውን ነገር ብንሰማ እንመርጣለን። በረዶ ውስጥ ፈረቃ ገብቶ መውጣት ምን እንደሆነ፣ ልጅህ አንተ በማትናገረው ቋንቋ ስትስቅ ምን እንደሚሰማ። ከስደት የተጻፈ የአማርኛ ዘፈን ስለ ስደቱ አገር ያለው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

መክሊት ሀደሮ እዚህ ላይ ትጠቅመናለች። አዲስ አበባ ተወልዳ በሕፃንነቷ ወጥታለች፤ ያደገችው አሜሪካ ነው። ለመናፈቅ የሚበቃ ትውስታ ይዛ አልወጣችም፣ ስለዚህ የናፕኪኑ ትዕዛዝ እሷ ጋ ሲደርስ አድራሻው ተሳስቷል። እንግሊዝኛዋን ከነአማርኛዋ ትዘፍናለች፣ «ከመከም»ን በራሷ መንገድ ትጫወታለች፣ ከአንድ ግብፃዊ የሙዚቃ ምሁር ጋር የዓባይ ተፋሰስ አገሮችን ሙዚቀኞች ያሰባሰበውን ናይል ፕሮጀክት መሥርታለች። ሙላቱ አስታጥቄ በአንድ ወቅት ለኢትዮ ጃዝ አንቺ የምትጨምሪው ምንድን ነው ብሎ እንዳፋጠጣት ራሷ አውርታለች። ሽማግሌው የጠየቃት ምን እንደምታስታውስ አይደለም። ለወጣት የሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ትዕዛዝ አላውቅም፤ ማዘዝ ካለብን እንዲህ ነው።

አስቴር አወቀ ደግሞ የሌላ ዓይነት ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሄዳ፣ በ1989 ለንደን ላይ በስሟ ባወጣችው አልበም ዓለም ሰማት፣ ቀጥሎ ኮሎምቢያን የሚያህል ኩባንያ ያዛት። ከኩባንያው በኋላ ግን አልጠፋችም፤ «ካቡ» የሚል የራሷን አሳታሚ አቁማ ቀጠለች። በኩባንያ የገባ ብዙ ሰው በኩባንያ ይወጣል፤ እሷ በራሷ ቆየች፣ ሰሚዋም አዳዲሱን ዘፈን እንደ ትዝታው ተሻምቶ ይሰማላታል። የናፕኪኑን ሕግ ከሰበሩት በጣም ጥቂት ሰዎች አንዷ ናት፤ እንዴት እንዳደረገችው ግን ራሷን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ዛሬ ጊዜው አጥሯል ይባላል። ስቶክሆልም ማታ የተጫነ ነጠላ ዜማ ልደታ ላይ ጠዋት ይሰማል። እውነት ነው፤ ግን የአዝማሪ ቤቱ ቅርበት የተመለሰ እንዳይመስለን። ዩቲዩብ የመጀመሪያዋን ደቂቃ የሚያይ አዛዥ ነው፤ ሰው በአሥረኛው ሰከንድ ከሄደ ዘፈኑን ወደ ታች ይጥለዋል። 28 ዓመት የሚጠብቅ ትዕግሥት የለውም። «ሸሞንሟናዬ» ዛሬ ቢጫን ኖሮ በሳምንቱ የሞተ ተብሎ የሚፈረድበት ይመስለኛል።

ከኮንዶሚኒየሙ ወረድ ሲሉ የባቡሩ ሁለት መስመሮች የሚለያዩበት ጣቢያ አለ፤ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት። ዙሪያውን ማመልከቻ ጸሐፊዎች፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ቀጠሮ የሚጠብቅ ባለጉዳይ የሞላባቸው ካፌዎች ናቸው። ካፌዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ዘፈን ያጫውታሉ። የስደተኛው ዘፈን፣ የጂጂም የአስቴርም፣ ማኪያቶ ላይ በነጻ ይፈስሳል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን እንዲህ አይልም። ሥራን ለሕዝብ ማሰማት የሥራው ባለቤት መብት ነው ይላል፤ መብቱ ባለቤቱ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎም መብቱ እንዳለ ነው። የቅጅ ክርክር የሚታየውም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ማለትም ካፌውንና ሕጉን የሚለያቸው አንድ አስፋልት ነው።

እስከ ዛሬ ያልታዘዙ ዘፈኖችን ወጪ የከፈሉት ታክሲዎች፣ ፓርኪንጎችና የሌሊት ፈረቃዎች ናቸው። እኛ ተቀባዮቹ ዘግይተን ደረስን፤ ደርሰንም በነጻ ሰማን። ካፌ ያላችሁ፣ ኤፍ ኤም ጣቢያ ያላችሁ፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የምታሽከረክሩ፣ በየካቲት 23 ዋዜማ መድረክ ላይ «ዓድዋ»ን የምታስጮሁ መሥሪያ ቤቶች፦ ለባለቤቶቹ ከፍላችሁ እንደሆነ ደረሰኙን አሳዩ። ካልከፈላችሁ ሂሳቡ ገና አልተዘጋም።